ከእትዬ የሺ ጋር ወደ አባይ መልካ

ይህን የምጽፈው እግሬን በሞቀ የጨው ውሃ ነክሬ ነው። ከስማዳ ቆላ ከወጣሁ ሳምንት ሊሞላኝ ነው፤ ጉልበቴ ግን ገና ከገደሉ አልወጣም። አገሩን ያላዩና የማያዩ ብዙ ናቸውና ሳይረሳኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አጻጻፌ ቢንገዳገድ ከመንገዱ ቁጠሩልኝ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድን ልንገራችሁ። እትዬ የሺ ጎረቤቴ ናቸው። አርብ ገበያ ዳር፣ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ባለቤታቸው እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ያስመሰከሩ መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔም ባሌን ቀብሬያለሁ። እሳት ሲጠፋባቸው ከእኔ ይጭራሉ፤ ጨው ሲያልቅብኝ ከእሳቸው እቆነጥራለሁ። አንድ ልጃቸው ሙሉጌታ ቆላ ወርዶ አባይ ዳር ሽንኩርትና ማንጎ ያለማል፤ እዚያው አግብቶ ቀርቷል። በዚህ ክረምት እትዬ የሺ ታመው፣ ከአልጋ ተነስተው በር መክፈት ቢያቅታቸው፣ አጥሩን ጥሼ የገባሁት እኔ ነኝ። ልጁ ይህን ከሰማ ጀምሮ በስልክ ዕረፍት ነሳቸው። መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ ይላል። የእሳቸው መልስ አንድ ነበር።

«ቆላ ብሞት ማን ይፈታኛል? ማንስ ተዝካሬን ያወጣል?»

የመሪጌታ ሚስት ናቸው እንግዲህ። ካህናቱ እንደ ንብ በሚያዜሙበት ደብር ያደጉ ሴት፣ አንድ ቄስ ብቻ ባለበት አገር መቀበር ሜዳ ላይ ከመጣል አይለይባቸውም። በመጨረሻ ሙሉጌታ፣ አንድ ጊዜ መጥተሽ እይው፣ ካልወደድሽው እኔው ራሴ እመልስሻለሁ ብሎ አስማላቸው። አገሩን እያዞረ የሚያሳይ መሪም አዘጋጀላቸው። እሳቸውም ስንዱ ካልሄደች አልሄድም አሉ። ስንዱ እኔ ነኝ።

እኔ የሄድኩት አይተው እንዲጠሉት ነው። አብሬያቸው ወርጄ አብሬያቸው ልወጣ።

ዓርብ

አርብ ገበያ በዓርብ ቀን መኪና ማግኘት ማለት ሠርግ ቤት ወንበር እንደ መፈለግ ነው። መንገዱ ደግሞ ተዘግቶ ሰንብቶ በዚያው ሳምንት ነበር የተከፈተው፤ ሰው ሁሉ እንደገና ሳይዘጋ ልድረስ ብሎ ይጋፋል። እኛም ተጋፍተን ገባን። ከእግሬ ሥር የሰው አውራ ዶሮ፣ ከጀርባዬ የባቄላ ጆንያ። እትዬ የሺ ጭናቸው ላይ አንድ ጀሪካን የቤታችንን ምንጭ ውሃ አቅፈዋል፤ በትከሻቸው በሶ የያዘች ከረጢት አንጠልጥለዋል። የቆላ እህል ሆድ ይነፋል፣ የቆላ ውሃ ንዳድ ያመጣል ይላሉ፤ ንዳድ የምንለው ወባን ነው።

ረዳቱ ጀሪካኑን አይቶ ስማዳ ውሃ የለም ያለዎት ማነው አላቸው።

«ውሃማ አለ» አሉት። «እኔ የማውቀው ውሃ ነው የሌለው።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ እስኪቀይር ብለን የወረድን፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። የቀየረውም ጎማ የተጣፈ ነበርና እንደገና ተነፈሰ። ከመንገዱ በላይ ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ነበሩ። አንዲት ሴት ከመካከላቸው ወርዳ የተለበለበ እሸት በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣችልን። የማን ናችሁ አላለችም፤ ብቻ መንገደኛ ዓርብ ቀን በባዶ ሆዱ እንዳይውል ብላ እያሸች ሰጠችን። እሸቱ እንደ እኛው አገር እሸት ጣፋጭ ነበር። እትዬ የሺ እስከዚህ ድረስ አገር ነው አሉ።

ወገዳ የደረስነው ሲመሻሽ ነው። ወገዳ የስማዳ ከተማ ናት፤ ብርዷም ጭቃዋም የእኛ ነው። ያደርንበት ቤት ባለቤት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። ክፍሉ ባለ አንድ አልጋ ነው፤ ሽሮዋ ዓይን ያስለቅሳል። ብርድ ልብሱ ሳስቶ ብታይ ግን የራሷን ጋቢ ገፍፋ እትዬ የሺን አለበሰቻቸው። ወገቤ አንድ ጎን ከተኛ ሌላው ጎን አልገለበጥ ብሎኝ አደርኩ።

ቅዳሜ

መሪያችን ማለዳ መጣ። ጥላሁን ይባላል፤ አርባዎቹን የተሻገረ፣ ትከሻው እንደ በሬ ጫንቃ የሰፋ ሰው ነው። ዋናተኛ ነበር። አባይ መልካ ላይ፣ ማለት ሰው በሚሻገርበት ቦታ፣ መንገደኛና ከብት እያሻገረ የኖረ ነው። አሁን ወደ ላይ ድልድይ ተሠርቶ ተሻጋሪው ሲቀንስ፣ ቆላን ማየት ለሚፈልግ ደገኛ መንገድ ማሳየት ጀምሯል። እትዬ የሺን ጉልበታቸውን ስሞ፣ ጀሪካኑን ተቀብሎ ተሸከመ።

አይሱዙ መንገዱ እስካለቀበት አደረሰን። ከዚያ በእግር ነው። መውረድ ይቀላል ያለ ሰው ወርዶ አያውቅም፤ ጣቶቼ ጫማዬን ሊበሱ ደረሱ። ገብሱ ቀረ፤ ጤፉ መጣ። ጤፉ ቀረ፤ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ማሽላ ዋጠን። በየማሳው መካከል በአራት እንጨት የቆመ ማማ አለ፤ ሰው እላዩ ወጥቶ ወፍና ዝንጀሮ በወንጭፍ ይጠብቃል። መጀመሪያ ጋቢያችንን አወለቅን፤ ቀጥሎ ሹራብ፤ ቀጥሎ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ መቀነቴ ውስጥ ወተፍኩ።

ጥላሁን ወደ ኋላ አየና «ደገኛ ቆላ ሲወርድ እየጣለ ነው» አለ። «ቆለኛ ደጋ ሲወጣ እየተበደረ።»

እየሄደ ያሳየናል። ይህ የዕጣን ዛፍ ነው ይላል፤ ቅርፊቱን ቧጠጥ ሲያደርገው እንባ ያቀርራል። እኔ ዕጣን የሱቅ ዕቃ ይመስለኝ ነበር። ይህ ሮቃ ነው ይላል፤ ፍሬው ጥርስ የሚያስጨብጥ ኮምጣጣ ነው። እኛ ጋ ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፤ ጥላ እንኳ የለው። እዚያ አንዱ ባምባ ብቻውን የአንድ ማኅበር ሰው ያስጠልላል። ከሥሩ አረፍን። እትዬ የሺ ፊታቸውን በጀሪካኑ ውሃ አበስ አበስ አደረጉ፤ ጠጡም። ከረጢታቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈን ሲያደርጉ፣ አንድ ጦጣ ከቅርንጫፍ ወርዶ በሶውን ይዞ ወጣ። ጥላሁን ድንጋይ ሲወረውርበት ከረጢቱን ፈትቶ ዱቄቱን እላያችን ላይ አራገፈው። ነጭ በነጭ ሆንን።

«ጦጣውም የደጋ እህል አልስማማው አለ» አለ ጥላሁን።

እትዬ የሺ ፈገግ አሉ። ከቤት ከወጣን የመጀመሪያቸው ነበር። እኔ ግን ፈገግታቸው አላማረኝም።

አባይን ሳላየው ሰማሁት። እኛ ጋ ወንዝ ማለት ቀሚስ ሰብስበው የሚዘሉት ነው። ይህኛው ቀይ ቡና የመሰለ ውሃ፣ ወዲያ ማዶ ጎጃም ያለ ሰው ቁራ እስኪያክል ድረስ የሰፋ ነው። ዳር ዳሩ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ማንጎ፤ ከዚያ በታች አሸዋ። አሸዋው እንደ ምጣድ ይጋግራል። ጥላሁን ያንን ግንድ ታያላችሁ ብሎ ወደ ማዶ ጠቆመን። አየነው። ግንዱ አፉን ከፈተ። አዞ ነበር። እትዬ የሺ ሦስት ጊዜ አማተቡ፤ እኔም በሆዴ፣ በቃ፣ ልጃቸው ይህን ቀድሞ ባሳያቸው ኖሮ መንገዱ ባልደከመን አልኩ።

ጥላሁን ድሮ የነበረውን ነገረን። ከጎጃም ወደ ጋይንት ገበያ የሚወጣ ነጋዴ፣ ደብር ለደብር የሚዞር የቆሎ ተማሪ፣ ዘመድ ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ እዚህ ነበር የሚሻገረው። ዋናተኛው በአየር የተነፋ የፍየል ቆዳ ደረቱ ሥር አድርጎ፣ ተሻጋሪውን ከጎኑ አስይዞ እየገፋ ያሻግራል፤ በኋላ በቆዳው ፋንታ ባዶ ጀሪካን መጣ። ሁሉም ግን አይሻገርም ነበር። ውሃ የወሰደው ከታች መታጠፊያው ላይ ይወጣል። የመልካው ሰዎች አውጥተው ይቀብሩታል።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰደን። ትንሽ የሣር ክዳን ናት፤ የእኛ ደብር ደጀ ሰላም ይበልጣታል። ከግቢዋ በስተምሥራቅ ስም የሌላቸው የድንጋይ ክምሮች በተርታ አሉ። የክርስትና ስማቸው ስለማይታወቅ፣ ካህኑ ሁሉንም ገብረ እግዚአብሔር እያሉ ይጸልዩላቸዋል አለን። ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ መጉደል ሲጀምር ደግሞ መንደሩ ተራ ገብቶ በየዓመቱ ተዝካራቸውን ያወጣል።

«የማያውቁትን ሰው?» አሉ እትዬ የሺ።

«የማያውቁትን» አለ።

ከክምሮቹ አጠገብ ቁጭ አሉ። ድንጋዮቹን አይተው አይተው፣ ለመነሳት ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ውሃ ፀሐይ ሲያፈላው ውሎ ሻይ ሆኗል። ጥላሁን ከምንጩ ልቅዳ ቢል እጃቸውን አወዛወዙ። የቆላ ውሃ አልጠጣም ነው። ለመንኳቸው፤ አፋቸውን ገጠሙ። ደነገጥኩ። ይጥሉታል ብዬ ተመኘሁ እንጂ ይሞቱበታል ብዬ አልነበረም።

ጥላሁን ወደ ልጃቸው ቤት ተጣርቶ ሙሉጌታና ሚስቱ እየሮጡ መጡ። ባንቻየሁ ትባላለች፤ ረዘም ያለች፣ ቃሏ አጭር የሆነች የቆላ ሴት። ቅል ሙሉ ውሃ ይዛለች። አማቷን ከዚያ በፊት አይታቸው አታውቅም። ጠጡ አላለችም፤ አልለመነችም። ፊታቸው ተንበረከከች፤ ከቅሉ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ይህ ወግ ለጠላ ነው። ጠላ ስናቀርብ እንግዳው እንዳይጠራጠር አስቀድመን በመዳፋችን እንቀምሳለን፤ ውሃ ቀምሶ ያቀረበ ሰው ግን በዕድሜዬ አላየሁም። ቀምሳ ቅሉን በሁለት እጇ ዘረጋች።

እትዬ የሺ አዩዋት። ተቀበሉና ቅሉ እስኪጎድል ጠጡ።

ቤታቸው በማንጎ የተከበበ ነው። ደጁ ላይ ግን ጋን ተደርድሯል፤ ጌሾ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ። እትዬ የሺ ትንሽ ነፍስ ሲዘሩ ይህን አይተው ፊታቸው ተለወጠ።

«ሙሉጌታ፣ እሺ ሳልልህ ድግስ ትደግሳለህ? በሰው ፊት ልታስረኝ?»

ልጁ አፍሮ ራሱን አከከ። «እማ፣ ያንቺ ድግስ አይደለም።»

«ታዲያ የማነው?»

የመለሰችው ባንቻየሁ ነበረች። የመልካው ሙታን ተዝካር ነገ እንደሚወጣ፣ ዘንድሮ ተራው የእሷ እንደሆነ ነገረቻቸው። እትዬ የሺም ስማቸውን ሳታውቂ፣ አገራቸውን ሳታውቂ፣ ምን ዕዳ አለብሽ ሲሉ ጠየቋት።

«እኛ ባናውቃቸው እናታቸው ታውቃቸዋለች» አለች።

እትዬ የሺ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና፣ ያ ሽንኩርት በዚህ አያያዝ ሲመሽም አይደርስ፣ ወዲህ በሉኝ አሉ።

እኔ ከመደቡ መነሳት አልቻልኩም። ያለቻቸውን አንድ አጎበር ለእኛ ዘርግተው እነሱ ያለ አጎበር አደሩ።

እሑድ

ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑክ አይቀደስም። የዚያች ደብር ቄስ አንድ፣ ዲያቆኑ አንድ ናቸው፤ የቀሩት በዋዜማው ከላይኛው ደብር ወርደው ያደሩ ናቸው። እትዬ የሺ ቆጠሩ፤ አምስት ሞላ። ቆመው አስቀደሱ። አንድ ቦታ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ዜማው ተሳስቷል አሉኝ፤ መሪጌታ ቢሰሙት መቋሚያቸውን ይወረውሩ ነበር። ልቤ ደስ አለው። ትንሽ ቆይተው ግን ራሳቸው በለሆሳስ ሲያርሙት ሰማኋቸው፤ ያለ ዜማ መቆየት የማይችሉ ሴት ናቸው።

ከማዶ የጎጃም ሰዎች ተሻግረው መጡ፤ ድልድዩን መዞር ንቀው በዋና። ልብሳቸውን በራሳቸው ጠምጥመው ከውሃ ሲወጡ ሳያቸው እኔን በረደኝ። ስማቸው ለማይታወቅ ሙታን ይህን ያህል ሰው። ቄሱ ድንጋዮቹ መካከል ቆመው ገብረ እግዚአብሔር፣ ገብረ እግዚአብሔር እያሉ ለእያንዳንዱ ክምር ጸለዩ። አንዱንም አልዘለሉም። ሴቶቹ ሲያለቅሱ አየሁ፤ ማንን እንደሆነ እንጃ። እትዬ የሺም አለቀሱ።

ከዚያ መብል ሆነ። የማሽላ እንጀራ ቀላ ያለ፣ ጫፉ ደረቅ የሚል ነው፤ ከእኛ የገብስ እንጀራ ጋር አላመሳስለውም፤ ግን በዶሮ ወጥ ሲበላ ይበላል። እትዬ የሺ አንዴ ጎረሱ፤ ሁለተኛ ጎረሱ። የቆላ እህል ሆድ ይነፋል ያሉት ሴት ሞሰባቸውን አጋመሱ። የመንደሩ ሴቶች ማንጎ ሥር ከበው ስለ ቤተ ልሔም ይጠይቋቸዋል፤ ድጓ እንዴት ይማራሉ፣ ተማሪው ምን ይበላል፣ እውነት ሌሊቱን ሙሉ ይዘመራል ወይ። መለሱላቸው። እኛ ጋ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ስለበዛ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሲያወሩ የሰማኋቸው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ጥላው ጫፍ ላይ ጋደም ብዬ እየሰማሁ፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ደከመኝ።

ሰኞ

ፀሐይ ሳይበረታ እንውጣ ብሎ ጥላሁን ማልዶ ደረሰ። እኔ ጓዜን ቋጠርኩ። የእትዬ የሺን ጓዝ ፈለግኩ፤ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። እሳቸው ደጅ ቁጭ ብለው ባንቻየሁ የሰጠቻቸውን ጎመን ይቀነጥሳሉ።

«እንሂድ እንጂ እትዬ» አልኳቸው።

«አንቺ ውጪ፣ ስንዱ» አሉኝ። ቀና አላሉም።

ቤትዎስ አልኩ። ቤቱን ለመሪጌታ እህት ልጅ ስጪ አሉ። የማርያም ማኅበርዎስ አልኩ። በእኔ ቦታ አንቺ ጠጪልኝ አሉ። አዞውን፣ ወባውን፣ ሙቀቱን፣ የተሳሳተውን ዜማ፣ ሁሉንም ደረደርኩ። ሳወራ ልቅሶዬ መጣና አቋረጥኩ። እሳቸው ጎመኑን አስቀምጠው እጄን ያዙኝ።

«ለማያውቁት ሰው ተዝካር የሚያወጡ እኔን አይጥሉኝም። የከርሞውን ተራ ለእኔ ስጡኝ ብያቸዋለሁ።»

ይህን ሲሉ ነገሩ እንዳለቀ አወቅኩ። እትዬ የሺ የሰጡትን ቃል አያጥፉም። ለከርሞ ተራ የገባ ሰው ደግሞ እንግዳ አይደለም። ተሳሳምን። ባንቻየሁ ሮቃና ሽንኩርት ቋጥራ ጥላሁንን አሸከመችው፤ እኔንም እንደ አማቷ ጉልበቴን ሳመችኝ። ልጠላት ሞክሬ ነበር፤ አልተቻለኝም።

ስለ መውጣቱ ብዙ አልጽፍም። የወረድነው ሁሉ ተገልብጦ መጣ። ማሽላው አለቀ፤ ጤፉ መጣ፤ የጣልነውን ልብስ አንድ በአንድ መልሼ ለበስኩ። ጥላሁን ሲወርድ የነበረውን ቀልድ ሁሉ ትቶ ከፊቴ ይሄዳል፤ ስዘገይ ይቆማል፤ ስደርስ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እቴ ስንዱ፣ እኔም ሰው አሻግሬ ስመለስ ብቻዬን ነበር የምዋኘው አለኝ። የሚመለሰው ዋና ይከብዳል አለኝ እንጂ እንዴት እንደሚቀል አልነገረኝም።

ገደሉ አፋፍ ልንደርስ ስንል መረብ ገባና ስልኬ ጮኸ። በልጃቸው ስልክ እትዬ የሺ ናቸው። ከኋላቸው ሴቶች ሲስቁ ይሰማል።

«ወጣሽ?» አሉኝ።

«ገና ነኝ። ቶሎ ቶሎ እያልኩ ነው» አልኳቸው። ትንፋሼ ይቆራረጣል።

«ምን ያስቸኩልሻል ልጄ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ቤት የሚጠብቅሽ ሰው የለ። አረፍ እያልሽ ውጪ።»

እውነታቸውን ነው። ድንጋይ ፈልጌ ቁጭ አልኩ።